ፎቅ ላይ ለምትኖሩ፣ መሬት ሲንቀጠቀጥ ምን ታደርጋላችሁ?

ሚሚ ዘሜክሲኮ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ሜክሲኮ አካባቢ 7ኛ ፎቅ ተከራይቼ ነው የምኖረው። በ2017 ታኅሣሥ 26 ለሊት 10 ሰዓት ሊሆን ሲል ያ መጠኑ 5.8 የተባለው የአዋሽ ፈንታሌው መንቀጥቀጥ ሲመጣ አምፖሉ ሲወዛወዝ ቁምሳጥኑ ሲንኳኳ ልጄን አቅፌ በባዶ እግሬ ደረጃውን ወረድኩት፣ ታች ስደርስ ዘበኛው "ምን ሆናችሁ?" አይለኝም መሰላችሁ፣ ምንም አልተሰማውም! ደሞ ሳሎን ኮለኑና (የኮንክሪት ምሰሶው ማለቴ ነው) ብሎኬቱ የሚገናኙበት ጋ ቀጥ ብሎ የወረደ ስንጥቅ አለ፣ አከራዬ "ልስን ነው" ብሎ ቀለም ሊቀባው ነው። ልመነው?

ፎርማኑ፦
ዘበኛው አልዋሸም እህቴ። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሲነሳ ፈጣን ፈጣኑ ንዝረት መንገድ ላይ ይደክማል፣ እዚህ የሚደርሰው ቀስ ብሎ የሚያወዛውዘው ነው፣ እሱ ደሞ ረጅም ፎቅ ይወዳል፣ ወደ ላይ በወጣሽ ቁጥር ይብሳል። ስንጥቁ ፀጉር የምታክል ከሆነች ብዙ ቤት አለች፣ ኮለንና ብሎኬት አንድ ላይ ስለማይንቀሳቀሱ መንቀጥቀጥ ሳይኖርም ትመጣለች። ግን ከመቀባቱ በፊት ጫፏ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጊና ቀን ጻፊበት፣ ካለፈችው ወይም ከሰፋች ኢንጂነር ይያት። የሚያስፈራው ኮለኑ ራሱ ላይ ሰያፍ የወጣ፣ ወይ ኮንክሪቱ ተፈርፍሮ ፌሮ የታየበት ነው። እኔን ግን የሚያሳስበኝ ምድር ቤቱ ሙሉ ሱቅና መስታወት የሆነ ህንፃ ነው፣ ከላይ ብሎኬት ተጭኖ ታች ግድግዳ የሚባል የለም፣ ስታፋው (የኮለኑን ፌሮ ዙሪያውን የሚያስረው ቀለበት ብረት) ተራርቆ የታሰረ ከሆነማ አያድርስ!

የመተሃራ ልጅ፦
እናንተ ስለ ቀለም ታወራላችሁ፣ እኛ ጋ መሬቱ ራሱ ተሰንጥቋል፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነስቷል። ከስር ማግማ ዓለቱን እየሰነጠቀ ሲገባ ነው ለወራት አላቆም ያለው። አዲስም አይደለም፣ በ1953 ማጀቴ የምትባለውን ከተማ ያፈረሰው የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ ነበር (የአዲስ አበባው ካራ ቆሬ ሳይሆን የወሎ መንገዱ)።

ቤቲ፦
ሚሚዬ እየተንቀጠቀጠ ደረጃ ላይ አትሩጪ፣ ሊፍትማ እርሽው። ጠንካራ ጠረጴዛ ስር ግቢ፣ ሲቆም የጋዝ ሲሊንደሩን ዘግተሽ ውረጂ።

ሚሚ ዘሜክሲኮ፦
ቀለሙን አስቆምኩት፣ አከራዬ ተኮሳትሯል። ጠረጴዛዬ ግን የፕላስቲክ ነው ሃሃሃ

ፎርማኑ፦
እንግዲያ ከመስኮትና ከቁምሳጥኑ ራቂና ጭንቅላትሽን በትራስ ሸፍኚ። ቁምሳጥኑን ደሞ ዛሬውኑ ግድግዳው ላይ በቡሎን አሳስሪው።