እንጨትና ብረቱ የማይለያይ ከውሃ የወጣ ቢላ፦ በምን ልጀምር?

ሰላም ወዳጆች። ከውሃ የወጣ ጥንታዊ ቢላ ይዤ ግራ ገብቶኛል። እጀታው እንጨት፣ ስለቱ ብረት ነው። የብረቱ ጭራ እጀታው ውስጥ ገብቶ በዝገት ተጣብቋል። በኤክስሬይ ሲታይ መሃሉ ገና ጤነኛ ብረት አለው። ለያይቶ ማከም አይታሰብም፤ እንጨቱ በጥፍር ሲነካ እንደ ራሰ ዳቦ ይሰረጉዳል።

እንጨቱ ዝም ብሎ ቢደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ፖሊኢቲሊን ግላይኮል (ፔግ) የሚባለውን፣ በውሃው ቦታ ገብቶ እንጨቱን የሚደግፍ ሰም መሰል ነገር መጠጣት አለበት። ፔግ ግን ብረቱን ይበላዋል። ብረቱ ደግሞ ጨው እንዲወጣለት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ (ኃይለኛ አልካላይ) ውስጥ መዘፍዘፍ ይፈልጋል። ያ እንጨቱን ይጎዳዋል። እንዲሁ ብተወውም ዝገቱና እንጨቱ ውስጥ ያለው ድኝ ኋላ አሲድ ይፈጥራሉ። እ.ኤ.አ. በ1961 ከባሕር የወጣችው የስዊድኗ መርከብ ቫሳ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ለጊዜው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ፣ ጨለማ ቦታ አስቀምጬዋለሁ። ውሃውንም እቀይራለሁ።

ፔጉ ላይ ሆስታኮር የሚባለውን የዝገት መከላከያ ጨምሮ፣ ከዚያ በረዶ እስኪሆን አቀዝቅዞ በቫኪዩም (አየሩ በተመጠጠ ዕቃ ውስጥ) ማድረቅ እንደሚቻል አውቃለሁ። በእጁ የሠራው አለ? ፔጉን በስንት ፐርሰንት ጀመራችሁ? ጨው ማውጣቱስ ይቅደም ወይስ አብሮ ይሂድ? ከምንም በላይ ግን፣ ብረቱ ከደረቀ በኋላ እንዴት እንደሆነ ንገሩኝ። እባካችሁ፣ ይህ ቢላ እንዲተርፍ በጣም እፈልጋለሁ።