ፈተናዬ ላይ «መጥተህ አነጋግረኝ» ተብሎ ተጻፈብኝ፤ ካልኩለሱን ልተወው ወይስ ልግፋበት?

ጠያቂ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሚኒሶታ ከመጣሁ ሦስት ወሬ ነው፤ የመጀመሪያ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ነኝ። በዚህ ሴሚስተር 14 ክሬዲት ይዣለሁ፤ ካልኩለስ 4፣ ኬሚስትሪ 4፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ 3፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም 3። ሌሎቹ ደህና ናቸው። ካልኩለሱ ግን ከእጄ እየወጣ ነው። በመጀመሪያው ፈተና 62 አገኘሁ፣ በሁለተኛው 38። የቤት ሥራዬ 85 ነው።

ያንገበገበኝ ቁጥሩ ብቻ አይደለም። ሦስት ጥያቄዎች መልሳቸው ትክክል ሆኖ ሳለ ከአሥር ሁለት ሁለት ነጥብ ነው የተሰጠኝ። በወረቀቱ ራስጌ ላይ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ «መጥተህ አነጋግረኝ» ተብሎ ተጽፏል። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት እንዲህ የሚባለው ወላጅ እንዲያመጣ የሚታዘዝ ተማሪ ነው። ኮርጀሃል ሊለኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፌ መዝገበ ቃላቴ ውስጥ ከከተትኩት ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው፤ አልሄድኩም።

ከኮርሱ ለመውጣት የቀረኝ ስምንት ቀን ነው። በሳምንት 20 ሰዓት በተማሪዎች መመገቢያ አዳራሽ ዕቃ አጥባለሁ። እናቴ ስትደውል «ትምህርቱ እንዴት ነው?» ትለኛለች፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላታለሁ። ዛሬ ማታ ኮምፒውተሩን ከፍቼ ካልኩለሱን ሰርዤ ልገላገል ነበር። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ነርሷ ከሜሪላንድ፦

ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ ምንም አትሰርዝ። ከ14 ላይ 4 ሲነሣ 10 ነው። በኤፍ ዋን (F-1) የተማሪ ቪዛ የሚማር የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ደግሞ በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ ግዴታው ነው። መቀነስ ጭራሽ አይቻልም ማለቴ አይደለም። የአገሩ የማስተማር ዘዴ እንግዳ ለሆነበት ወይም ቋንቋው ለከበደው ጀማሪ፣ የውጭ አገር ተማሪዎች ቢሮ ጫናው እንዲቀልለት ሊፈቅድ ይችላል፤ ያም ሆኖ ከ6 ክሬዲት በታች አይወርድም፣ በአንድ የትምህርት ደረጃም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ፈቃዱ መገኘት ያለበት ደግሞ ከመውጣትህ በፊት ነው።

ይህን የምነግርህ ስለ ደረሰብኝ ነው። በሁለተኛ ዓመቴ ለማንም ሳልናገር አንድ ኮርስ ሰረዝኩ። ያስጠነቀቀኝ አልነበረም፤ ስርዓቱም ዝም ብሎ ተቀበለኝ። ቆይቶ የተማሪነት ሕጋዊ ሁኔታዬ መቋረጡን የሚገልጽ ኢሜይል መጣልኝ። እንዲመለስልኝ አመለከትኩ። መልሱን እስካገኝ ድረስ በቤተ መጻሕፍቱ የነበረኝን ሥራ እንኳ መሥራት አልቻልኩም። ያንን ክረምት ያሳለፍኩት ጓደኛዬ በምትከፍለው የቤት ኪራይ ነው፤ ዛሬም ሳስታውሰው ሆዴ ይረበሻል። ነገ ጠዋት መጀመሪያ ቢሮው ሂድ። ሊቆጡህ አይደለም የተቀመጡት፣ ሥራቸው ይኸው ነው።

የሒሳብ ረዳት መምህር፦

እኔ የዶክትሬት ተማሪ ነኝ፤ በየሴሚስተሩ ከመቶ በላይ የካልኩለስ ወረቀት አርማለሁ። «መጥተህ አነጋግረኝ» የሚለውን እኔም እጽፋለሁ። የምጽፈው ለጠረጠርኩት ተማሪ አይደለም። መጠርጠር ሌላ ሥርዓት አለው፤ በፈተና ወረቀት ጥግ ላይ አይጻፍም። የምጽፈው «ይህ ልጅ ያውቃል፣ አንድ ነገር ግን ይዞታል» ብዬ ለማስበው ተማሪ ነው። አብዛኞቹ የአገራችን ልጆች አይመጡም። ዝም አይነቅዝም ተብለን አድገናል፤ መምህር ፊት ቆሞ «አልገባኝም» ማለት ድፍረት ይመስለናል። ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለውንም ያወረሱን ግን እነዚያው አባቶቻችን ናቸው።

የሁለት ነጥቡ ምክንያት ምን እንደሆነ ልገምት። የ12ኛ ክፍል ፈተናችን ምርጫ ነው። መልሱን በጭንቅላትህ ወይም በረቂቅ ወረቀት ትሠራና አንዷን ፊደል ታጠቁራለህ፤ ማንም መንገዱን አይጠይቅህም። እዚህ ነጥቡ ያለው መንገዱ ላይ ነው። ለምሳሌ ከፍተኛውን ዋጋ ፈልግ ስትባል፣ ዴሪቫቲቩን (የለውጡን መጠን) ያወጣህበትን፣ ከዜሮ ጋር ያስተካከልክበትን፣ መልስህ ለምን ከፍተኛው ዋጋ እንደሆነ ያስረዳህበትን መስመር ካልጻፍክ የመጨረሻዋ ቁጥር ብቻዋን የምታስገኝልህ ያችኑ ሁለት ነጥብ ነው። ወረቀቱን ከመዝገበ ቃላቱ አውጣና እየው፤ ከጥያቄው ሥር ባዶ ቦታ ይበዛ እንደሆነ።

ሒሳቡንም ዛሬውኑ ሥራው። የቤት ሥራ 20 ከመቶ፣ ሁለቱ ፈተናዎች 20፣ 20፣ ማጠቃለያው 40 ከሆነ (የኮርሱ መግለጫ ላይ አለ፣ አረጋግጥ) እስካሁን የያዝከው 17፣ 12.4 እና 7.6 ነው፤ ድምሩ 37። ሲ (C) ለማግኘት 70 ያስፈልጋል ከተባለ ከማጠቃለያው 82.5 ከመቶ ያስፈልግሃል። ከባድ ነው፤ አልዋሽህም። ችግርህ ይዘቱ ከሆነ በሥርዓቱ አስፈቅዶ መውጣት ይሻልሃል። ችግርህ አጻጻፉ ከሆነ ግን በአምስት ሳምንት ይታረማል። የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ያ ቀይ እስክሪብቶ የያዘው ሰውዬ ነው።

የኦሃዮው፦

ሁለት ነገር ልጨምር። የቤት ሥራ ማስረከቢያ ማታ 11:59 ሲባል በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5:59 ነው። እኔ ከሌሊቱ 11:59 መስሎኝ ስድስት ሰዓት ተዘናግቼ ሁለት የቤት ሥራ አምልጦኛል። ሌላው፣ የምስጋና ቀን በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው፤ ግቢው ጭር ይላል፣ መመገቢያ አዳራሹም ብዙ ቦታ ይዘጋል። ምግብህን አስቀድመህ ግዛና እነዚያን ቀናት ለካልኩለሱ ስጣቸው። ከማጠቃለያው በፊት እንደዚያ ያለ ጊዜ አታገኝም።

ጠያቂ፦

ሄድኩ። መጀመሪያ ወደ ውጭ አገር ተማሪዎች ቢሮ፣ ከዚያ ወደ መምህሩ። ወረቀቱን ስዘረጋው እጥፋቱ አልቃና ብሎ በመዳፋቸው ዳበሱት፤ «ስጠብቅህ ነበር» አሉኝ። ሦስቱን ጥያቄዎች ሰሌዳ ላይ እንድሠራቸው ጠየቁኝ፤ ሠራኋቸው። ነጥቡን አልቀየሩልኝም። ግን ከጎኔ ቆመው በዘለልኩት መስመር ሁሉ «እዚህ ምን አሰብክ?» እያሉ አስጻፉኝ። የአንዱ ጥያቄ መልስ ሙሉ ሰሌዳ ሞላ። ይዘቱን ታውቃለህ፣ አትውጣ አሉኝ። የቢሮዋ ሴትዮም ሐሳቤን ብለውጥ ቀኑ ሳያልፍ እንድመለስ መዝግባልኛለች።

የመመገቢያ አዳራሹን ሥራ እስከ ማጠቃለያው ከሳምንት 20 ሰዓት ወደ 12 ሰዓት አስቀንሻለሁ። ለእናቴም ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ሰውዬው ስማቸው ማን ነው? በጸሎት አስባቸዋለሁ» አለችኝ። ነርሷ እኅቴ፣ ረዳት መምህሩ፣ የኦሃዮው ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በየማክሰኞው በ9 ሰዓት፣ በእነርሱ 3 ሰዓት፣ መምህሩ ጋ እሄዳለሁ። ረዳት መምህሩ ካላስቸገርኩዎ፣ የዚህን ሳምንት አንድ ጥያቄ መስመሩን ሁሉ ጽፌ ልላክልዎ?