ልጅ አደገ የሚባለው መቼ ነው?

ጥያቄ፦ ልጄ 14 ሊሞላው ነው። እኔ በእምነት ነው ያደግሁት፣ አባቱ ግን ሃይማኖት የለውም። ወደ አዋቂነት ሲሻገር ምን እናድርግለት? ዝም ብሎ እንዲያልፍ አልፈልግም።

መልስ፦ እህቴ፣ አይሁዶች ዘንድ ወንድ ልጅ 13 ሲሞላው በጉባኤ ፊት ኦሪት ያነባል። ወራት ሙሉ ይለማመዳል፤ ድምፁ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ትልልቆቹ ቁጭ ብለው ይሰሙታል። ለእኔ ቁም ነገሩ ይሄ መሰማቱ ነው።

መልስ፦ ሃይማኖት ለሌላቸውም አለ እኮ። ኖርዌይ ውስጥ ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሃይማኖት ውጭ የሆነ፣ ልጆች ወደ አዋቂነት የሚሻገሩበት ሥነ ሥርዓት አለ። ልጆቹ አስቀድመው ስለ ሥነ ምግባርና በራስ ስለማሰብ ኮርስ ይወስዳሉ።

መልስ፦ ከወላጅ ውጭ የሚያምነው አንድ ትልቅ ሰው ፈልጉለት። እኔ የመዝሙር አስተማሪዬ የአዳራሹን ቁልፍ ሰጥተው «ነገ አንተ ክፈት» ያሉኝ ቀን ነው ያደግሁት።

ጠያቂዋ፦ የቁልፉ ነገር ሆዴን አባባው። ማታ ለአባቱ አነብለታለሁ።