በዮርክ «ጌት» መንገድ፣ «ባር» በር ነው

ጥያቄ፦ ስለ እንግሊዟ ዮርክ ከተማ የተጻፈ ነገር እየተረጎምኩ «ሚክልጌት» እና «ሚክልጌት ባር» ተከታትለው መጡብኝ። «ትልቁ በር» እና «የትልቁ በር ቡና ቤት» ብላቸው ያስኬዳል?

መልስ፦ አያስኬድም ወንድሜ። ሚክልጌት መንገድ ነው፤ በሩ ሚክልጌት ባር ነው። እንግሊዝኛ አንድ መልክ ያላቸው ሁለት «ጌት» አሉት። አንደኛው ከጥንታዊው እንግሊዝኛ የወረደው፣ ሁላችንም የምናውቀው በር ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ866 ዮርክን ከያዙት ዴኖች (የዴንማርክ ሰዎች) ጋር የገባው የኖርስ (የጥንቱ የስካንዲኔቪያ ቋንቋ) ቃል «ጋታ» ነው፤ መንገድ ማለት ነው። ስዊድኖች ዛሬም ጎዳናን እንዲሁ ይሉታል። «ሚክል» ታላቅ ስለሆነ «ታላቁ ጎዳና» ብትለው ልክ ነው። «ባር» መንገድ የሚዘጋበት አግዳሚ ነበር፤ ኋላ የከተማው ቅጥር በሮች መጠሪያ ሆነ፦ ቡታም ባር፣ መንክ ባር፣ ዎልምጌት ባር።

ተጨማሪ፦ የስሙን የፊት ክፍልም አትመኑት። «ኮፐርጌት» የመዳብ መንገድ ይመስላል፤ ግን ከመዳብ ጋር አይገናኝም። የእንጨት ጽዋ ሠሪዎች መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1981 በተደረገው ቁፋሮ ጽዋው ሲቦረቦር ከመሃሉ የሚወጣው የእንጨት እምብርት ሳይቀር እዚያው ተገኝቷል። «ጉድራምጌት» ደግሞ ከሰው ስም፣ ከጉትሩም የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ የለንደኖቹ ኦልድጌት እና ቢሾፕስጌትስ?

መልስ፦ እነዚያ በር ነበሩ። በከተማዋ ግንብ ላይ ቆመው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረሱ፤ ስሙ ለአካባቢው ቀረ። ስለዚህ መጀመሪያ አገሩን እይ። ዴኖች በሰፈሩበት በሰሜንና በምሥራቅ፣ ለምሳሌ በሊድስና በኖቲንግሃም፣ መንገድ የመሆን ዕድሉ ያመዝናል፤ የሊድሱ «ብሪጌት» የድልድይ መንገድ ነው። ከዚያ በድሮ ካርታ ላይ ቅጥሩ በቦታው ያልፍ እንደሆነ አጣራ። ካርታውን ሳያዩ መተርጎም ነው ብዙ ሰው የሚያሳስተው።

ተጨማሪ፦ በሩ «ጌት» ጥንት በነጠላ ሲነገር «ያት» ይባል ነበር፤ የዛሬው «ገ» ከብዙ ቁጥሩ የመጣ ነው። በዋይ ወንዝ ዳር ያለው «ሲሞንድስ ያት» ያንን ድምፅ ይዞ ቀርቷል። እዚያ ቃሉ መተላለፊያን ያመለክታል፤ እኛም ጣርማ በር ስንል የተራራ ማለፊያ ማለታችን ነው።

በዮርክሻየር የግጦሽ ሰነዶች ላይ «አሥር ሺፕጌት» ብታገኙ ግን በርም መንገድም አይደለም። በጋራ ግጦሽ ላይ አሥር በግ የማሰማራት መብት ነው።