ለካናሉ ዳር መንገድ የመጀመሪያ ግራቭል (የጠጠር መንገድ) ብስክሌት፦ የትኛውን ልግዛ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በመስከረም ከከምበርላንድ፣ ሜሪላንድ ተነስቼ ሲ ኤንድ ኦ የሚባለውን የድሮ ካናል ዳር ዳር ይዤ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ እስካለው ጆርጅታውን ልወርድ አስቤአለሁ። 184.5 ማይል ነው፤ ድንኳንና የመኝታ ከረጢት እጭናለሁ። በሌላው ቀን አስፋልት ላይ ሥራ እመላለስበታለሁ። በጀቴ 1,300 ዶላር አካባቢ ነው። ዓይኔ ያረፈው ጃያንት ሪቮልትና ማሪን ኒካሲዮ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው አልሙኒየም፣ ሁለተኛው ብረት። ሻጩ ብረቱ ይከብድሻል አለኝ። ቁመቴ 1.58 ነው። ምን ትላላችሁ?

ካቴና፦
እህቴ፣ እንጀራዬ ብስክሌት መጠገን ስለሆነ በደንብ ልንገርሽ። ክብደቱን ተይው። የአንድ ሁለት ኪሎ ልዩነት ድንኳንና ውሃ ሲጫንበት አይታወቅሽም። መጀመሪያ የምታዪው የጎማ ቦታ ነው። ያ መንገድ ሜዳ ነው፣ ዝናብ ከጣለ ግን ጭቃው ጎማውና ፍሬሙ መካከል እየተጠቀጠቀ ያቆምሻል፤ የዛፍ ሥሩም እጅ ያደነዝዛል። 40 ሚሊ ሜትር ጎማ ገብቶ፣ በሁለቱም ጎን ትንሿ ጣትሽ የምታልፍበት ክፍተት ይትረፍ። ፓራፋንጎ ካሰብሽ ደግሞ ከዚያም ሰፋ ይበል።

ቀጥሎ አጎንብሰሽ የኋላውን ፍሬም እዪ። ዕቃ መጫኛው በብሎን የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች ከላይም ከታችም ከሌሉ ያን ብስክሌት እለፊው።

ማርሽ ለካናሉ ብዙ አያሳስብም፤ ከከምበርላንድ እስከ ጆርጅታውን ጠቅላላ ቁልቁለቱ 605 ጫማ ገደማ ነው። ግን ቨርጂኒያ ውስጥ ላውደን ካውንቲ የጠጠር መንገዶች ላይ መውጣትሽ አይቀርም፣ እዚያ ዳገት አለ። የፊቱ ትንሹ ማርሽ የጥርስ ቁጥር ከኋላው ትልቁ ማርሽ የጥርስ ቁጥር አይብለጥ። የፊቱ 30፣ የኋላው 34 (30 በ34) ካገኘሽ እሰየው። 34 በ28 ከሆነ ግን ገንዘቡን ሳትከፍዪ ካሴቱን (የኋላ ማርሾቹን) እንዲቀይሩልሽ ጠይቂ።

ክላሪስ የሚባለውን የሺማኖ ማርሽ፣ ባለ 8 ነው ብለው የሚንቁት አሉ። እኔ በጣም ነው የምወደው። ካቴናው ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል።

የአሌክሳንድሪያው፦
ካቴና ባለው እስማማለሁ። በአንቺ ቁመት ግን ሌላም የሚታይ አለ። ኮርቻው ላይ ተቀምጠሽ ፔዳሉን ወደ ፊት አድርጊና መሪውን አዙሪ። የጫማሽ ጫፍ የፊቱን ጎማ ከነካ፣ በዝግታ ስትታጠፊ ይጥልሻል። በትንንሽ ፍሬም ላይ ይህ ይበዛል። 650ቢ የሚባለው አነስ ያለ ቸርኬ የሚገባበት ካገኘሽ ብዙ ያግዝሻል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ቅዳሜ ሁለቱንም ሄጄ እሞክራለሁ። ጎማውን ስንት ላስሞላ? የመጠጥ ውሃስ ከየት አገኛለሁ?

ካቴና፦
ለ40 ጎማ ከነጭነትሽ ከ35 እስከ 40 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ይበቃል፤ ሱቅ ውስጥ አጠንክረው ስለሚሞሉት አስተንፍሽው። በካናሉ ዳር ለድንኳን የተዘጋጁት ቦታዎች የእጅ ፓምፕ ውሃ አላቸው። አንዳንዱ ፓምፕ ስለሚዘጋ ሁለት ጠርሙስ ሙሉ ይዘሽ ሂጂ። ትርፍ ካላማዳሪያም ሁለት ያዢ። በባቡር ወደ ከምበርላንድ የምትሄጂ ከሆነ የብስክሌቱን ቦታ ከቲኬቱ ጋር አብረሽ ያዢ፣ ቶሎ ያልቃል።