ወንድሜ የግርሻ መርፌ ከተወጋ በኋላ ለምን ባሰበት?

የቢቸና ልጅ፦
እንዴት ናችሁ? ታናሽ ወንድሜ ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ወርዶ ታሞ ተመለሰ። ትኩሳቱ ይተወውና ሳምንት ገደማ ቆይቶ ይመለሳል። ጤና ጣቢያ ደሙን አይተው ግርሻ ነው አሉን። ፔኒሲሊን ወጉት። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አልጋው እስኪነቃነቅ አንቀጠቀጠው። ሁለት ጋቢ ደረብኩለት፤ ምንም አልፈየደም። ከዚያ እንደ እሳት ነደደ። ነርሷ ግሉኮስ ሰቅላለት «ሳይቶካይን ነው፣ ያልፋል» አለችኝ። አለፈ፤ በማግስቱ አጥሚት ጠጣ። እናቴ ግን «መርፌ አይስማማውም፣ ሁለተኛ አይነካውም» ብላ ምላለች። ሳይቶካይን የመድኃኒቱ ስም ነው? ምን ልበላት?

ነርስ ከደብረ ማርቆስ፦
ወንድምዓለም፣ መድኃኒት አይደለም። ከራሱ ከወንድምህ ገላ የሚወጣ ነው። የመከላከያ ሴሎች እርስ በርስ የሚጠራሩበት ፕሮቲን ነው። ለእናትህ እንዲህ በላት፦ ሌሊት ሌባ ሲገባ አንዱ ቤት እሪ ይላል፤ ጎረቤቱ ዱላውን ይዞ ይወጣል። ፔኒሲሊኑ የግርሻን ባክቴሪያ በአንድ ጊዜ ሲፈጀው ስብርባሪው ደም ውስጥ ይበተናል። ያኔ እሪታው ከየቤቱ ባንዴ ይነሳል። ብርዱም ትኩሳቱም ከዚያ ነው። የደም ግፊትም ሊወርድ ይችላል፤ ለዚህ ነው ሰው ተወግቶ ወዲያው ወደ ቤት የማይሸኘው። አለርጂ ሌላ ነገር ነው። ያከመችውን ነርስ ለይታ እንድትነግራችሁ ጠይቃት። ደግሞ አደራ፣ ልብሱን ቀቅሉ። ግርሻን የሚያመጣው የልብስ ቅማል ነው።

የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ፍኖተ ሰላም፦
ይህ እኮ እዚሁ አገራችን፣ አዲስ አበባ የተጠና ነው! ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሉኪን 6 እና 8 የሚባሉት ሳይቶካይኖች ከመርፌው በኋላ ሽቅብ ሲወጡ ተለክተዋል። በፈረንጆቹ 1996 የታተመው ጥናት ደግሞ ይገርመኛል። ለ20 ሕሙማን ከፔኒሲሊኑ በፊት ቲኤንኤፍን የሚይዝ፣ ከበግ የተገኘ ፀረ እንግዳ አካል ሰጧቸው። ያ እንቅጥቃጤ የመጣባቸው 10ሩ ናቸው። ካልተሰጣቸው 29 ሰዎች ግን 26ቱ። ይህ ለግርሻ የተለመደ ሕክምና አልሆነም። ቲኤንኤፍን ማገድ ግን ዛሬ ለመገጣጠሚያ ቁርጥማት ይሠራበታል። እዚያ ሌባ በሌለበት እሪታው አያባራም። ዝም ሲያሰኙት ደግሞ የተኛ ቲቢ ሊነቃ ስለሚችል አስቀድሞ ይመረመራል።

የቢቸና ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ለእናቴ አነበብኩላት። «ታዲያ ሳይወጉት ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» አለች። እውነቷን ነው። ልብሱን ቀቅለናል። አብረውት የመጡትን ሁለት ልጆች ነገ በጠዋት ጤና ጣቢያ እወስዳቸዋለሁ።