ለተማሪዎች የሚቀርብ የሳይንስ ሠርቶ ማሳያ ከጭብጨባ ያለፈ ትምህርት እንዲሰጥ ምን ይደረግ?

ጠያቂ፦ መምህር ከደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ብርሃን ከተማ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ሳይንስ አስተምራለሁ። በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ከአካባቢው ትምህርት ቤቶች የሚመጡ ተማሪዎችን በአዳራሽ ሰብስበን ለአንድ ሰዓት ያህል የሚቆይ የሳይንስ ሠርቶ ማሳያ ልናቀርብላቸው አስበናል። በውጭ አገር ሙዚየሞች የሚቀርቡትን ትርኢቶች በቪዲዮ ስመለከት ብዙዎቹ በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ወይም በቦስተኑ የሳይንስ ሙዚየም እንዳለው ግዙፍ የቫን ደ ግራፍ ማመንጫ (የኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚፈጥር መሣሪያ) የሚሠሩ ናቸው። እኛ ያለን ምድጃ፣ ድስት፣ ሻማና ጥቂት ቴርሞሜትሮች ብቻ ነው። ከዕቃው እጥረት ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከዚህ ቀደም እንዲህ ያለ ዝግጅት ያዩ ተማሪዎችን በማግስቱ ስጠይቃቸው ጭሱንና ፍንዳታውን አሳምረው ይተርኩልኛል፣ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ግን የሚያስረዳኝ አላገኘሁም። ባለን ዕቃ ተማሪውን የሚያሳስብ ዝግጅት እንዴት ማዋቀር እንደምንችል ልምድ ያላችሁ ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ የሙዚየም ሠራተኛ

ውድ መምህር፣ አሜሪካ ውስጥ በአንድ የሳይንስ ሙዚየም ለትምህርት ቤት ጎብኚዎች ሠርቶ ማሳያ አቀርባለሁ። ያሳሰበዎት ጉዳይ በጥናትም የታየ ነው። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ኤሪክ ማዙርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ሙከራውን ዝም ብለው የተመለከቱ ተማሪዎች ጨርሶ ካላዩት እምብዛም የተሻለ ግንዛቤ አልነበራቸውም፤ ውጤቱን አስቀድመው እንዲገምቱ የተደረጉት ግን በግልጽ ተሽለው ተገኝተዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ሙከራ ከመጀመርዎ በፊት ግምት ይሰብስቡ። ግምቱም በጽሑፍ ወይም እጅ በማውጣት ይገለጽ፤ በልቡ ብቻ የገመተ ልጅ ውጤቱን ካየ በኋላ «እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር» ማለቱ አይቀርም።

ደብረ ብርሃን ደግሞ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት። ውሃ በስንት ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚፈላ ይጠይቋቸው። አብዛኛው ተማሪ «መቶ» እንደሚል አልጠራጠርም፤ ሰሌዳው ላይ ይጻፉት። ከዚያም አንዲት ተማሪ ወደ መድረክ ጠርተው ከድስቱ ራቅ ብላ ቴርሞሜትሩን ጮክ ብላ እንድታነብ ያድርጉ። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ንባቡ 91 አካባቢ ሲደርስ ይቆማል፤ ውሃው ምንም ያህል ቢንተከተክ ከዚያ አያልፍም። ልጆቹ መጀመሪያ የሚጠረጥሩት መሣሪያውን ነው፤ ይህ መልካም ጥርጣሬ ስለሆነ አያፍኑት። ቴርሞሜትሩን በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ከትተው ዜሮ ማንበቡን ያሳዩ፣ ፈላውን ውሃም በሌላ ቴርሞሜትር ይለኩ። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት እንደሚቀንስ፣ ውሃም በዝቅተኛ ሙቀት እንደሚፈላ የሚያነሡት ከዚህ በኋላ ነው። መቶ በባሕር ጠለል ላይ የሚገኝ ነጥበ ፍሌት መሆኑን፣ አዲስ አበባ ላይ 92፣ ጋምቤላ ላይ ደግሞ 98 ገደማ እንደሚሆን ሲነግሯቸው፣ ባቄላና ቦሎቄ በደጋ ቶሎ የማይበስልበትን ምክንያት ራሳቸው ይደርሱበታል።

ከዚህ ጋር የሚሄደው የለስላሳ ጣሳ ሙከራ ነው። ጣሳው ውስጥ ሁለት ማንኪያ ያህል ውሃ ጨምረው እንፋሎቱ በደንብ እስኪወጣ ያፍሉት፣ በመቆንጠጫ ይዘውም አፉን ወደ ታች ደፍተው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይንከሩት፤ በቅጽበት ጭርምትምት ይላል። ብዙዎቹ «ቅዝቃዜው ነው» ይላሉ። ያን ጊዜ ሌላ ጣሳ በተመሳሳይ ሁኔታ አፍልተው አፉን ወደ ላይ አድርገው ይንከሩት። እንፋሎቱ ወደ ውሃነት ሲለወጥ የሚተወውን ባዶ ቦታ በአፉ የሚገባው አየር ስለሚሞላው፣ ሁለተኛው ጣሳ እንደ መጀመሪያው አይጨመደድም። ሁለቱ ጣሳዎች ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ክርክሩ ይጀመራል፤ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ይስጡት።

መልስ፦ የኬሚስትሪ መምህርት

ከላይ በተሰጠው ሐሳብ እስማማለሁ፤ አንድ ማሳሰቢያ ግን ልጨምር። አዳራሹን ለማስደነቅ ተብሎ በአልኮል የሚሠራ የእሳት ሙከራ አያስገቡ። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት፣ ሬኖ ከተማ በሚገኝ አንድ ሙዚየም ለጎብኚዎች ይቀርብ በነበረ የሜታኖል (የአልኮል ዓይነት ነው) እሳት ሙከራ 13 ሰዎች ተጎድተዋል፤ አብዛኞቹም ልጆች ነበሩ። ሜታኖል ቶሎ ይተናል፣ ትነቱ በአካባቢው ካለ እሳት ወይም ፍም ሲደርስ ተቀጣጥሎ ወደ ዕቃው ይመለሳል፣ ከዚያም ነበልባሉ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተመልካቹ ዘንድ ይደርሳል። አሁን በመረጣችሁት ሙከራም ቢሆን የፈላ ውሃ አለና የፊተኛው ረድፍ ከጠረጴዛው ጥቂት ሜትሮች ይራቅ፤ አቅራቢው የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርግ።

ጠያቂ፦ መምህር ከደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የአልኮሉን እሳት ከዝርዝራችን አውጥተነዋል። የቀረኝ ጥያቄ፣ ከኋላ የሚቀመጡት ተማሪዎች ቴርሞሜትሩን እንዴት ያዩታል? ሻማውስ ለምን ሊያገለግለን ይችላል?

መልስ፦ የሙዚየም ሠራተኛ

ስልክዎን በማስቀመጫ ላይ አቁመው ካሜራውን ከፕሮጀክተር ጋር ያገናኙት፤ ፕሮጀክተር ከሌለ አንባቢዋ ተማሪ በየግማሽ ደቂቃው የምትጠራውን ቁጥር ሌላ ተማሪ ሰሌዳው ላይ ይጻፍ፤ ቁጥሩ መጨመር ሲያቆም ከኋላ ያለውም ያየዋል።

ስለ ሻማው ከጠየቁ፣ የለንደኑ ሮያል ኢንስቲትዩሽን እ.ኤ.አ. በ1825 ለወጣቶች ማቅረብ በጀመረው የገና ሰሞን ትምህርት ሳይንቲስቱ ማይክል ፋራዴይ በአንድ ሻማ ዙሪያ ብቻ ተከታታይ ትምህርት ሰጥቷል። እርስዎ ከዚያ አንዱን ይውሰዱ። ነፋስ በሌለበት ሻማውን እፍ ብለው ያጥፉትና ከክሩ በሚወጣው ነጭ ጭስ ላይ ክሩን ሳይነኩ የበራ ክብሪት ያስጠጉ፤ እሳቱ በጭሱ ላይ ወርዶ ሻማውን መልሶ ያበራዋል። ከዚያ በፊት ግን የሚነደው ክሩ ይሁን፣ ሰሙ ይሁን፣ ወይስ ሌላ ነገር እጅ አስወጥተው ይቁጠሩ።